ከስልክ የመጣ ሁሉ ትክክል ነው?

ባለፈው የቡድን ሥራችን ስለ ዓድዋ ጦርነት ነበር። እኔ በወንድሜ ስልክ ጎግል ላይ ፈልጌ «1896 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ የቡድናችን ልጅ ግን ከላይብረሪ መጽሐፍ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.» የሚለውን ገልብጣ መጣች። ስልክ ስለሌላት ሳቅንባት፤ የሷን ሰርዘን የኔን አስገባን። ለካ 1896 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው! ማርክ ተቀነሰብን፣ እሷም አብራን ተቀነሰባት። በጣም አፈርኩ።

በእኔ አስተያየት ከስልክ ስንገለብጥ ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እንይ፤ ከመጽሐፍም ጋር እናስተያየው። መምህሮቻችንም «ከኢንተርኔት አምጡ» ብቻ ባይሉን ጥሩ ነው። ስልክ የሌለው ልጅ ከየት ያምጣ? የልጅቷን ማርክ እንዲያስተካክሉላት ለቲቸር ነግሬያቸዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጡኝም።