የኪስ ጾም

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረው የጥር የመጨረሻ ቅዳሜ ምሽት፣ አምስት ወዳጆች ነቀምቴ ውስጥ በአንድ አዲስ የሥጋ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ተሰብስበን ነበር። መስኮቱ ከወለል እስከ ጣራ መስታወት ነው፤ ወንበሩ ቆዳ ለብሷል፤ ሥጋው ደግሞ ተሰቅሎ መብራት በርቶለት እንደ ሙሽራ ይታያል። ሁለት ኪሎ አዘዝን፤ ግማሹ ከሻኛና ከሽንጥ ተመርጦ በጥሬው፣ ግማሹ ዝልዝል ጥብስ። ቆጭቆጫው፣ አዋዜውና ሚጥሚጣው በየሳህኑ ቀረበ። ከመካከላችን አንዱ ሙስሊም ስለሆነ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ ለእሱ በያይነት ታዘዘ። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም፤ ወለጋ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም። አምስተኛው ወዳጃችን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ አዘዘና «ጾም ነኝ» አለ። እሱንም የጠየቀው የለም።

ያን ምሽት ስለ ብዙ ነገር አወራን፤ ግጥም ግን አልተነበበም። ሂሳቡ መጥቶ ለአራት ሲካፈል ለእኔ የደረሰኝ ድርሻ የአንድ ሳምንት የምሳ ገንዘቤን የሚያህል ነበረ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ያብሰለሰለኝ ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ቆጠርኩ። ቅዳሜ ነው፤ ረቡዕም ዓርብም አይደለም። ዐቢይ ጾም አልገባም፤ ነነዌም ብትሆን ከሰኞ እስከ ረቡዕ እንጂ ቅዳሜን አታውቀውም። የነቢያት ጾም በገና ተፈትቷል። ታዲያ ወዳጃችን የጾመው የትኛውን ጾም ነው?

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ጥያቄ ነው።

መሰባሰብ የጀመርነው ከሰባት ዓመት በፊት በእኔ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። ጀበና ይጣዳል፤ ቆሎ ይቀርባል፤ እያንዳንዳችን በወሩ የጻፍነውን እናነባለን። ሁለቱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሦስታችን በአማርኛ እንጽፋለን፤ ማንም ለማንም አይተረጉምም፤ ሁላችንም እንሰማለን። የመምህሩ ንባብ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። የደከመች ግጥም እንኳ በእሱ ድምፅ ስትነበብ ነፍስ ትዘራለች። የስብሰባችን ወጪ ቡና፣ ስኳርና ከሰል ነበረ፤ ያንን ማንም ይችለዋል።

ከዚያ አንዳችን ሹመት አገኘና ጋበዘን። የተጋበዘ ይጋብዛልና ሁለተኛው ብድሩን መለሰ፤ ሦስተኛውም ተከተለ። ከዓመት በኋላ ግብዣው ልማድ፣ ልማዱም ሥርዓት ሆነ። «የት እንገናኝ?» የሚል ጥያቄ ከመካከላችን ጠፋ፤ መልሱ አስቀድሞ ታውቋልና። ግጥሙም ቀስ በቀስ ከሥጋው ኋላ ተሰለፈ፤ በመጨረሻም ከሰልፉ ወጣ።

በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ ቤት ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ሳለ ጠየቅሁት።

«መምህር፣ ያን ለት የጾምከው የምን ጾም ነበረ?»

ሳቀ። «የኪስ ጾም» አለኝ። «ቤተ ክርስቲያን ያወጀችው ጾም ፋሲካ አለው። የዚህኛው ፋሲካ መቼ እንደሚውል ግን ባሕረ ሐሳብም አይነግረኝም።»

«ለምን አልነገርከንም ታዲያ?»

«ብነግራችሁ ትከፍሉልኝ ነበራ!»

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። እውነት ነው፤ እንከፍልለት ነበር፤ ደስ እያለን እንከፍልለት ነበር። አንድ ጊዜ የሚከፈልለት ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በአገራችን ክቡር ነው። ሦስት ጊዜ የተከፈለለት ሰው ግን ምን ይባላል? ስም አናወጣለትም፤ እሱ ራሱ ለራሱ ያወጣል። በገበታችን ላይ ትልቁ ጨዋታ ሂሳብ ሲመጣ የሚነሣው ግብግብ ነው። «በሞቴ እኔ ልክፈል!» «ምን ሲደረግ!» እየተባባልን እጅ ለእጅ እንያያዛለን፤ አስተናጋጁ በማን ገንዘብ መቀበል እንዳለበት ግራ ይጋባል። ይህ ግብግብ የፍቅር መግለጫችን ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን እጁን ወደ ኪሱ ለመላክ የማይደፍር ሰው በዚያች ደቂቃ የት ይመልከት? ጣሪያውን? ስልኩን? ጾም እዚህ ላይ ይደርስለታል። ጾመኛ ሂሳብ አይካፈልም፤ ጾመኛ አይጠየቅም። ወዳጃችን ከእኛ የሚሸሸግበት ሥፍራ ሲፈልግ ያገኘው የእግዚአብሔርን ጥላ ነው። ወዳጅን ወደ ሐሰተኛ ጾም የሚያስገባ ገበታ ምን ዓይነት ገበታ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሥጋ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ በሁለት መንገድ ሲበላ ኖሯል። አንደኛው የግብር መንገድ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት አዳራሽ ብዙ ሺህ ሰው ግብር ይበላ ነበር። ጥሬው ሥጋ በአሽከሮች ትከሻ ላይ በረዥም እንጨት ተንጠልጥሎ በተጋባዡ መካከል ይዞራል፤ ጠጁ ይቀዳል። ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይቀመጥም። ተራው በማዕረግ ነው፤ መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ ከእነሱ በታች ያሉት፣ በኋላም ወታደሩ። ሁሉም ይበላል፤ ሁሉም ግን ሥፍራውን አውቆ ይበላል።

ሁለተኛው የቅርጫ መንገድ ነው። መስቀል ወይም ገና ሲቃረብ ጎረቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ሰው እኩል ያዋጣል፤ አንዳንዱ ማኅበር ወር በወር እያጠራቀመ ይቆያል። በሬው ከገበያ ይገዛል፤ በዓሉ ሲደርስ በማለዳ ይታረዳል። ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደለደላል። ከሻኛው፣ ከሽንጡ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ይደርሰዋል፤ ማንም ታላቁን ለብቻው አይወስድም። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የበሩን ቁልፍ። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ልጅ፣ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣ ማዕረግ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁና ዘበኛው ጎን ለጎን ቆመው የየራሳቸውን ይጠብቃሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ዋጋው አስቀድሞ መታወቁ ነው። የማይችል ሰው ዘንድሮ አልገባም ይላል፤ ወይም ከሌላው ጋር አንድ መደብ ለሁለት ይገባል። በአደባባይ የሚያፍርበት ቅጽበት የለም።

እነሆ የእኔ ሐሳብ፦ የዛሬው የመስታወት ቤት ገበታ ከቅርጫ ይልቅ ግብርን ይመስላል። ግብር ግን አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ የመጨረሻው ወታደር እንኳ ተራው ይደርሰዋል። በእኛ ገበታ የመጨረሻው ሰው ተራ የለውም። ሳይጠራ ይቀራል፤ ወይም ተጠርቶ ውኃ ይጠጣል።

ሊቃወመኝ የሚነሣውን ወገን አውቀዋለሁ፤ እኔም ራሴ አንዳንድ ቀን ከዚያ ወገን ነኝና። «ሰው ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ጥሩ ቦታ ተቀምጦ ጥሩ ሥጋ ቢበላ ምን ኃጢአት አለው? አስተናጋጁስ፣ ሥጋ ቆራጩስ፣ ከብቱን ያደለበው የሆሮ ገበሬስ በምን ይኑር?» ይላል። እውነቱን ነው። የሆሮ ከብት በአገር የታወቀ ነው፤ ሥጋውን መብላት ለባለቤቱም ጥቅም ነው። ሥጋ ቤቱን አልከስም። ንጹሕ ነው፤ ሥጋው ጥሩ ነው፤ ዋጋውም በግልጽ ተጽፏል። እኔ የምከሰው ወዳጅነታችንን ከአንድ ደጃፍ ጋር ብቻ ያሰርነውን ራሳችንን ነው። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በባንክ መስኮቴ የሚያልፈው ብር በቁጥር በዝቷል፤ የሚገዛው ነገር ግን አንሷል። ባለ ደመወዝ ሁሉ ይህን ያውቃል። የአንዳችን ኪስ ችሎ የሌላችን ሳይችል ሲቀር፣ ያልቻለው ወዳጅ ሲጠፋ «ተለወጠ» እንለዋለን። የተለወጠው የመገናኛችን ዋጋ መሆኑን ግን አናስብም።

ለመገናኘት ይህ ሁሉ እንደማያስፈልግ ወለጋ በቅርቡ ተምራው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ጊምቢ ያለው ባልንጀራዬ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሰው ሰውን የሚያገኘው ቤቱ ድረስ በእግሩ ሄዶ ነበር። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ይመለስ አልልም። ሆኖም ደጃፍ ላይ ደርሶ የሚንኳኳ ወዳጅ «ስንት ያስወጣኛል?» ብሎ አይጨነቅም። የቤቱ እመቤትም ያለውን አቅርባ «ማሎ፣ ኛዱ» ትለዋለች፤ እባክህ ብላ ማለቷ ነው። ጮርጮርሳ ካለ ጮርጮርሳ፣ ከሌለ ቡና።

ስለዚህ ለወዳጆቼ ሦስት ነገር አቀረብኩ። የመገናኛውን ሥፍራ ከሁላችን ኪሱ የሳሳው ይምረጥ፤ እሱም ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ተራው በየወሩ ይዙር። ሥጋ ሲያምረን ደግሞ በዓመት አንዴ ቅርጫ እንግባ። በወር አንዱ ቅዳሜም፣ እንደ ጥንቱ፣ የግጥም ብቻ ይሁን።

በመስቀል ከጎረቤት ጋር ሆነን ቅርጫ ገባን። መምህሩ የሰጠው ምልክት የጠመኔ ስባሪ ነበር። የደረሰውን መደብ በፌስታል ይዞ፣ በጭቃው መንገድ ወደ ልጆቹ ሲሄድ ከኋላው አየሁት፤ ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው። ሙስሊሙ ወዳጃችን ከእርዱ አልተካፈለም፤ ቅርጫም ሁሉን አይፈታም። ማታ ግን እኔ ቤት በቅቤ የተለወሰ አንጮቴ ቀርቦ አምስታችንም ከአንድ ሳህን በላን።

ሁሉ ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሽም። መምህሩ አሁን ይመጣል፤ አንዳንዴም ይቀራል። በዚያ የጥር ምሽት በደረት ኪሱ ይዟት የነበረችውን ግጥም እስከ ዛሬ አላነበበልንም። እኛም አልለመንነውም። የምትነበብበትን ቀን እሱ ይምረጥ። እስከዚያው ይህችን የእኔን ደካማ ግጥም በእሱ ምትክ አኖራለሁ።

ጾም ነኝ ብሎ ሄደ ጾም ባልሆነበት ቀን፤
ሥጋውን ስንቆርጠው ቆርጠን ጣልን እሱን፤
እንግዲህ ስንመጣ ሰው እንዳይጎድልብን፣
ከሥጋው ይቀነስ ወንበር ይጨመርልን።