ፈረሱን ሳይሆን ገብሱን ጠይቁ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ አመሻሽ ላይ ከአዳማ ስንመለስ ቢሾፍቱ አካባቢ እናቴ ከኋላ ወንበር ሆና «ልጄ፣ ይኼ ነገር ያደርሰናል?» አለችኝ። ዓይኔን ከዳሽቦርዱ ላይ መንቀል እንዳቃተኝ አይታ መሆን አለበት። ከኋላ እሷና ሁለቱ ልጆቼ፣ ከጎኔ ባለቤቴ፣ ኮፈኑ ውስጥ ደግሞ ብርቱካንና ሽንኩርት። ባትሪው 26 በመቶ ይላል። ቦሌ ቤታችን ለመድረስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረናል።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ወይ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታችኋል፣ ወይ ለመግዛት ዕቁብ እየጣላችሁ ነው። ስለዚህ የእኔ ስህተት ይጥቀማችሁ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ማስታወቂያ ላይ የትኛው ቁጥር በትልቁ እንደሚጻፍ፣ የትኛው ደግሞ ከታች በደቃቅ ፊደል እንደሚቀር ከሚወስኑት ሰዎች አንዷ ነኝ። የራሴን መኪና ስገዛ ግን እንደ ማንኛውም ደንበኛ በትልቁ የተጻፈውን አንብቤ ከፈልኩ፦ 75 የፈረስ ጉልበት፣ 405 ኪሎ ሜትር። ከታች የነበረውን «38 ኪሎዋት ሰዓት» የሚለውን ልብም አላልኩት።

የፈረስ ጉልበት የሚነግረን ማሽኑ ሸክሙን ምን ያህል ቶሎ እንደሚያንቀሳቅስ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ፣ ማለትም የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት፣ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ነው። እስከ የት ያደርሳል ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም። በልጅነታችን የምናውቀውን የደብረ ዘይት ጋሪ አስታውሱ። የሚጎትተው አንድ ፈረስ ብቻ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ባለጋሪው የሚጨነቀው ስለ ገብሱ ነው። የመኪናችን ገብስ እንግዲህ ያ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ጉልበቱን በሰዓት ስታባዙት ገብሱ ይወጣል። ቤታችን ያለው ቻርጀር 2 ኪሎዋት ነው። ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስሰካው ባትሪው 45 በመቶ ላይ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ነቀልኩት። ዘጠኝ ሰዓት በ2 ሲባዛ 18፤ በመሃል የሚባክነው ሲቀነስ 16 ተኩል ያህል ገባ። ቀድሞ ከነበረው 17 ጋር ሲደመር 33 ተኩል፣ ማለትም 88 በመቶ። ዳሽቦርዱ ይኼን 356 ኪሎ ሜትር ብሎ ተረጎመልኝ። አዳማ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ምን ያስጨንቃል?

(ለማነጻጸር ያህል፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው። ስለዚህ ሙሉ ባትሪዬ ከ4 ሊትር ቤንዚን ብዙም አይበልጥም! የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን በሙቀት ያባክነዋል፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን እምብዛም አያባክንም። በዚህች ትንሽ ነገር አዳማ ደርሶ መመለስ የሚታሰበውም ለዚሁ ነው።)

405 ኪሎ ሜትሩ ውሸት አይደለም። የተለካው ግን በቻይና የሙከራ ስልት ነው፤ በዚያ ሙከራ አማካዩ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይኼ የቦሌ መድኃኔዓለም የሥራ መውጫ ሰዓት ነው እንጂ የአዳማ የፍጥነት መንገድ አይደለም። ፍጥነት ሲጨምር አየሩ በጣም ይከብዳል፤ ከ70 ወደ 110 ስትወጡ አየሩ የሚገፋችሁ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የእኔዋ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ርቀት በ70 ስትሄድ 11፣ በ110 ስትሄድ ግን 17 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች።

ሁለተኛው የዘነጋሁት ነገር ዳገቱ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አዳማ ደግሞ 1,650 ሜትር አካባቢ ናት። ስትሄዱ ቁልቁለት ነው፤ እንዲያውም መኪናዋ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ጥቂቱን ወደ ባትሪው ትመልሳለች። ስለዚህ ደስ ብሏችሁ ትደርሳላችሁ። ስትመለሱ ግን መኪናውን፣ አምስት ሰውና ሽንኩርቱን ጨምሮ ወደ 1,600 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም 650 ሜትር ወደ ላይ ታነሳላችሁ። ክብደቱን በከፍታውና በ9.8 አባዝታችሁ ለ3.6 ሚሊዮን ብታካፍሉት 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል፤ ሞተሩ የሚያባክነው ሲጨመርበት 3.2። ለመያዝ የሚቀለው እንዲህ ነው፦ ሰው ለሞላባት ትንሽ መኪና እያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። እንጦጦ ለሽርሽር ስትወጡም ይኼው ነው።

ቦሌ ለምንኖር ሰዎች ይኼ የከፍታ ነገር ከራሳችን በላይም ይበራል። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ትልቅ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳውና ሲመለስ በቀጥታ የሚመጣው አንዱ ምክንያት ይኼው ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ሁልጊዜ «ስመጣ ቀላል፣ ስሄድ ከባድ» ትላለች፤ እኔ ናፍቆቱን የምትለኝ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ቢሾፍቱ ልመልሳችሁ። ከአዳማ ስንነሳ ባትሪው 54 በመቶ ነበር። ልጆቹ እንዳይመሽባቸው ብዬ በ110 ነዳሁ። 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ 28 በመቶ አለቀ። ዳሽቦርዱ አሁንም «105 ኪሎ ሜትር ይቀርሻል» ይለኛል፤ ባለቤቴ ግን በስልኩ ሒሳብ ሠርቶ ዝም አለ። በዚሁ አያያዝ ለቀረው መንገድ 23 በመቶ ያስፈልገናል፤ ትልቁ ዳገት ደግሞ ገና ከፊታችን ነው። በእጃችን ያለው 26 ነው።

ፍጥነቴን ወደ 70 አወረድኩ። ኤሲውን አጠፋሁ። የጭነት መኪኖች እየቀደሙን ሲያልፉ ትልቁ ልጄ «ማሚ፣ ተሸነፍን» እያለ ይቆጥራቸው ጀመር፤ እናቴ ጸሎቷን ጀመረች። ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያውን ስናልፍ ማንም አይናገርም። ቦሌ ግቢያችን የገባነው 7 በመቶ ይዘን ነው። በ110 ብቀጥል ኖሮ መንገድ ላይ ነበር የምናድረው፤ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ወደ ዜሮ ነው የመጣልኝ።

አሁን አንድ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፌያለሁ። ባትሪው ውስጥ ያለው ኪሎዋት ሰዓት፣ ርቀቱ በምነዳበት ፍጥነት የሚበላው፣ ለዳገቱ በየ100 ሜትሩ ግማሽ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ የማይነካ 5 ኪሎዋት ሰዓት ለክፉ ቀን። መኪና ልትገዙ ከሆነ ሻጩን ስለ ፈረሶቹ ብዛት አትጠይቁት፤ ያንን ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል።

እናቴ በቀደም ወረቀቱን አንብባ «ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ሄደን በጉን ከዚያው እንግዛ» አለች። 130 ኪሎ ሜትር፣ 500 ሜትር ያህል ሽቅብ። በ80 ከነዳሁ መሄጃው 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መመለሻው ያንሳል። በጉ የሚጫነው ቁልቁለቱ ላይ ስለሆነ ከሒሳቡ አላስገባሁትም።