የእናት እጅ ያለሰለሰው እንጨት

በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች የአፍሪካ ክፍል ውስጥ፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጡ የእንጨት ምስሎች በመስታወት ሣጥን ተደርድረው ይታያሉ። ከሥራቸው የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ ዮሩባ፣ ናይጄሪያ፣ እንጨት። ይህ ለልጅ መታሰቢያ በጣም ያንሳል።

የደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ ዮሩባዎች መንታ በመውለድ ዓለም ያውቃቸዋል። በኢግቦ ኦራ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ከ1,000 ወሊድ ከ40 በላይ የሚሆነው የመንታ መሆኑን መዝግበዋል፤ የአውሮፓው የዚህን ሲሶ አይደርስም ነበር። ነገር ግን መንታ ብዙ ጊዜ ያለ ቀኑ፣ ሳይፋፋ ይወለዳል። ዘመናዊ ሕክምና ሳይመጣ በፊት ታዲያ ሐዘኑም የዚያኑ ያህል ብዙ ነበር።

ቀድሞ የተወለደው ታይዎ፣ የተከተለው ኬሂንዴ ይባላል። ታላቁ ግን ኬሂንዴ ነው፤ ዓለም እንዴት እንዳለች አይቶ እንዲነግረው ታይዎን የላከው እሱ ነውና። ሁለቱ አንድ ነፍስ እንደሚጋሩ ስለሚታመን፣ አንደኛው ሲሞት ሌላው እንዳይከተለው ይፈራል። ወላጆች ኢፋ የሚባለውን ንግርት ወደሚያነበው ካህን፣ ወደ ባባላዎው ይሄዳሉ፤ እሱ ሲያዝ ጠራቢ ኤሬ ኢቤጂ የሚባለውን ምስል ይሠራል። የሞተው ጨቅላ ቢሆንም ምስሉ የጎለመሰ ሰው አካል አለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእናት ነው። ታጥበዋለች፣ ከእንጨት የተፈጨ ቀይ ዱቄት ትቀባዋለች፣ ጸጉሩን ኢንዲጎ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ታስነካዋለች፣ ጨሌና ዛጎል ታስርለታለች፣ ታበላዋለች፣ ታስተኛዋለች። ለቀረው ልጅ የተደረገው ለእሱም ይደረግለታል። ዓመታት ሲያልፉ የአንዳንዶቹ ዓይንና አፍንጫ እስኪጠፋ ድረስ ፊታቸው ይለሰልሳል።

ሰብሳቢዎች ለዚህ ልስላሴ ብዙ ይከፍላሉ። ያለሰለሰው የማን እጅ እንደሆነ ግን መግለጫው ሊናገር ይገባል። ቀዩ ዱቄት እንደ እድፍ መጠረግ የለበትም፤ ጨሌው ተፈትቶ ሌላ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለበትም። ሁለቱም ሞተው ሁለት ምስል የተጠረበላቸው መንቶችማ እንዴት ይለያያሉ?

እውነት ነው፣ የእነዚህ ምስሎች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1897 የእንግሊዝ ጦር ከቤኒን ቤተ መንግሥት እንደዘረፈው ነሐስ አይደለም። ክርስትናን ወይም እስልምናን የተቀበሉ ብዙ ቤተሰቦች ምስሎቹን ሸጠዋቸዋል። ስለዚህ «ይመለሱ» ማለት ብቻውን ለሁሉም መልስ አይሆንም። ሽያጩ ግን የእናትን ታሪክ ከምስሉ ለመፋቅ ፈቃድ አይሰጥም።

ልማዱም በእንጨት አላበቃም። ተመራማሪው ስቲቨን ስፕራግ በ1970ዎቹ ኢላ ኦራንጉን በተባለች ከተማ ያገኘው የፎቶግራፍ ሥራ ይህን ያሳያል፦ መንታው የሞተበት ልጅ ፎቶ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ይታተም ነበር። መንቶቹ ወንድና ሴት ከነበሩ፣ የቀረው ልጅ አንዴ በወንድ፣ አንዴ በሴት ልብስ ይነሣ ነበር። በእንጨቱ ምትክ የፕላስቲክ አሻንጉሊት የገዙ እናቶችም ነበሩ። ሙዚየሞች እነዚያን ፎቶዎችና አሻንጉሊቶች ከእንጨቱ ጎን ያስቀምጡ፤ መግለጫውንም ሲጽፉ መንታ ያሳደጉና መንታ የቀበሩ የዮሩባ ቤተሰቦችን ይጠይቁ።