ስለ አሮጌ ካዲላክ የቫኪዩም ቱቦዎች አዘረጋግ

በዕድሜ የገፋ የካዲላክ መኪና ኮፈኖ ሲከፈት በመጀመሪያ ዐይን የሚይዘው ታላቁ ሞተር ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ተመልካቹ በሞተሩ ዙሪያ እንደ ሐረግ የተጠማዘዙ፣ አንዳንዶቹ እንደ እርሳስ የቀጠኑ፣ ሌሎቹም እንደ አውራ ጣት የወፈሩ ጥቁር የጎማ ቱቦዎችን ያያል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቤንዚንም ውሃም አይሸከሙም፤ ሥራቸው መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉትን የመምጠጥ ኃይል ማስተላለፍ ነው። ትንንሾች በመሆናቸው ብዙ ባለመኪና ይንቃቸዋል። ሆኖም ከመካከላቸው አንዱ የቤተ ሰቡ ሕይወት የሚጠበቅበትን ፍሬን ያገለግላል።

ይህ ኃይል ከየት ይመጣል? ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲወርድ አየር ይስባል። አሽከርካሪው እግሩን ከቤንዚን መስጫው ሲያነሣ የካርቡራተሩ የአየር በር ሊዘጋ ስለሚቃረብ፣ ፒስተኑ የሚሻውን ያህል አየር አያገኝም። ስለዚህ ማኒፎልድ በሚባለው የአየር ማከፋፈያ ውስጥ ያለው ግፊት በውጭ ካለው እጅግ ያንሳል። መሐንዲሶችም ይህን የግፊት ልዩነት በቱቦ እየመሩ ሥራ አሠሩት።

በፈረንጆች አቆጣጠር የ1964 ሞዴል በሆኑት አንዳንድ ካዲላኮች ላይ ቱርቦ ሃይድራማቲክ የተባለው ካምቢዮና የመኪናውን ውስጥ ሙቀት በራሱ የሚያስተካክለው ኮምፎርት ኮንትሮል ተገጠሙ። ካምቢዮው የሞተሩን ሸክም የሚያውቀው በአንድ የቫኪዩም መስመር ነው። የማሞቂያውንና የማቀዝቀዣውን የአየር መዝጊያዎች የሚያንቀሳቅሰውም ይኸው ኃይል ነው። ዲስትሪቢዩተሩም የካንዴላው እሳት ቀደም ብሎ እንዲነሣ የሚያደርገው በቫኪዩም እየታገዘ ነው።

እንግዲህ አንዱ ቱቦ ከቦታው ውጭ ቢሰካ ምን ይሆናል? የካምቢዮው መስመር ቢላቀቅ ማርሹ ዘግይቶና እየመታ ይቀየራል። የዲስትሪቢዩተሩ ቱቦ ከማይገባው ቀዳዳ ቢገባ፣ ሞተሩ በጋራዥ ቋንቋ ሚኒሞ በሚባለው ዝቅተኛ ዙር ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ያለ ልክ ይሞቃል። ይህ ቱቦ በአንዳንዱ ዓመት ሞዴል ከካርቡራተሩ፣ በሌላው ከማኒፎልዱ ስለሚነሣ፣ የጎረቤትን መኪና አይቶ መቅዳት አይበቃም። ለዚያው ዓመት የታተመውን የጥገና መጽሐፍ አግኝቶ ሥዕሉን መከተል ያስፈልጋል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሁሉንም ቱቦ በአንድ ጊዜ መንቀል ትልቅ ስሕተት ነው። ከመንቀል በፊት በየቱቦው ሁለት ጫፎችና በየቀዳዳው አጠገብ አንድ ዓይነት ቍጥር ይጻፍ። ከዚያም አንዱ ይነቀል፤ በውስጥ ስፋቱና በርዝመቱ እኩያው የሆነ አዲስ ቱቦ ይተካ፤ ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው ይታለፍ። አዲሱ ቱቦ ከጭስ ማውጫው ግለት፣ ከማራገቢያውና ከቀበቶው የራቀ፣ የቤንዚን መስጫውን ዘንግ የማይነካ ይሁን። በመታጠፊያው ላይ ከተጨፈለቀ ያው እንደ ተዘጋ ይቈጠራል። ለፍሬኑ የሚሆነው ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ቱቦ ብቻ ነው፤ ለውሃ የተሠራ ጎማ በመምጠጡ ኃይል ሊጣበቅ ይችላልና።

በደጋ አገር ለምንኖር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ሲዞር የቫኪዩም መለኪያው ከ43 እስከ 53 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ያሳያል። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቍጥር ግን ንባቡ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ልዩነቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ሞተር ታሟል ብሎ ይፈታዋል። የፍሬኑም ረዳት ኃይል በዚያው መጠን ስለሚያንስ፣ በቆላ የማይታወቅ ጥቂት የአየር መፍሰስ በደጋ ይሰማል።

ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ፍሬኑ ይፈተን። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስኪጠጥር ድረስ ደጋግሞ ይረገጥ። ከዚያ እግር ሳይነሣ ሞተሩ ይነሣ። ፔዳሉ ከእግር በታች ጥቂት ዝቅ ካለ የመምጠጡ ኃይል ከፍሬኑ ደርሷል ማለት ነው። እንደ ጠጠረ ከቀረ ግን፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ በዚያ መኪና ማንም አይሳፈር።