ሥራ ፈት የሚባለው ማን ነው?

በአሜሪካ አገር በየወሩ 60,000 ያህል ቤተ ሰብ እየተጠየቀ የሥራ ፈቶች መጠን ይታወቃል። በጥቅሉ ሥራ ፈት የሚባለው ሥራ የሌለው፥ ለመሥራት የተዘጋጀና ባለፉት 4 ሳምንታት ውስጥ ሥራ የፈለገ ሰው ነው። መፈለግ ሰልችቶት ተስፋ የቈረጠው ግን ከዚህ ቍጥር ይወጣል፤ ስለዚህ ችግሩ ሳይቃለል ቍጥሩ ሊጐድል ይችላል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሚስተር ዶናልድ ትራምፕ ለምርጫ ሲወዳደሩ ይህን ቍጥር ሐሰት ነው ይሉት ነበር። ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ በ2017 ዓ.ም. በማርች ወር 4.7 በመቶ መሆኑ ሲገለጽ፥ ቀድሞ ሐሰት ቢሆን እንኳ አሁን እውነት ነው ማለታቸውን ቃል አቀባያቸው ተናገሩ። አቈጣጠሩ ግን ያው የቀድሞው ነበረ።

ሚዛን ለሻጭም ለገዥም አንድ ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ቍጥር ሲጠራልህ ከማመስገንህና ከመንቀፍህ በፊት ማን እንደ ተቈጠረ፥ ማንስ ሳይቈጠር እንደ ቀረ መርምር።