የአሮጌ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር መቀየር ለማን ያዋጣል?

በአዲስ አበባ ያገለገሉ ላፕቶፖች በሚሸጡባቸው መደብሮች ዋጋን በመወሰን ረገድ ከዕቃው ይልቅ ጉልበት ያላት፣ ከኪቦርዱ ሥር ጥግ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ምልክት ናት። ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እሷን ነው። ደላላውም ስልክ ሲያነሣ የሚጠይቀው «አይ ስንት ነው?» ብሎ ነው። አይ 3 ከሆነ አንድ ዋጋ፣ አይ 5 ከሆነ ሌላ፣ አይ 7 ከሆነ ደግሞ ሻጩ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጠራው ዋጋ አለ። ሴሌሮን ወይም ፔንቲየም የሚል ምልክት የያዘው ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል።

እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ፣ ከርካሽ ማሽን ላይ ሴሌሮኑን ነቅሎ በምትኩ አይ 5 መትከል የሚለው ሐሳብ ለነጋዴ ቢመጣለት አይገርምም። በዝቅተኛ ዋጋ የተገዛ ማሽን፣ ለብቻው የተገኘ ቺፕ፣ የአንድ ሁለት ሰዓት የቴክኒሻን ሥራ፣ ከዚያም ዋጋው አንድ ደረጃ ወደ ላይ። በወረቀት ሲሰላ የሚያጓጓ ንግድ ነው። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ወጪ ከሰፈረው ይበልጣል።

ሐሳቡ በቴክኒክ ረገድ ሐሰት አለመሆኑን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያ ላይ ካዋላቸው፣ ሁለተኛ ጀነሬሽን ከሚባሉት የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ በሶኬት የሚገጠሙ ነበሩ። ይኸውም ቺፑ ማዘርቦርዱ ላይ አልተበየደም፤ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን እግሮች ሶኬቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብተው በአንድ ብሎን ይቆለፋሉ። አምራቾችም አንድ ዓይነት ማዘርቦርድ እየሠሩ በርካሹ ሞዴል ላይ ሴሌሮን ወይም ፔንቲየም፣ በውዱ ላይ አይ 5 እየሰኩ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ፔንቲየም ቢ 950 የተገጠመለትን ማሽን ከፍቶ አይ 5 2520 ኤም መትከል ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሁለቱም የ35 ዋት ቺፖች ናቸው። ፔንቲየሙ በ2.1 ጊጋኸርዝ ሲሠራ፣ አይ 5ቱ ከ2.5 ተነሥቶ ሥራ ሲበዛበት እስከ 3.2 ይደርሳል። ሁለቱም ባለሁለት ኮር ቢሆኑም አይ 5ቱ በአንድ ጊዜ አራት የሥራ መስመሮችን ሲያስተናግድ የፔንቲየሙ አቅም ሁለት ነው።

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ይህን ልዩነት ያየዋል። ሆኖም ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛው ሰው በአብዛኛው ቪዲዮ አቀናባሪ አይደለም። ፒችትሪ ከፍቶ የወሩን ሒሳብ የሚዘጋ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ፣ ኢሜይል የሚልክና ደረሰኝ የሚያትም አስመጪ ነው። የእነዚህ ሰዎች ምሬት «ማሽኑ ለመነሣት ቡና ተፈልቶ ያልቃል» የሚል ነው። ይህን መዘግየት የሚያመጣው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ከሥሩ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የማንበቢያው ክንድ የተፈለገው መረጃ ወዳለበት እስኪሄድና ዲስኩ ዞሮ እስኪደርስለት ድረስ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። መረጃው በየቦታው ተበታትኖ ሲገኝ እንዲህ ያለው ዲስክ በሰከንድ መቶ ጥያቄ እንኳ መመለስ ያቅተዋል። ተሽከርካሪ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ግን በሺህ የሚቆጠሩትን ይመልሳል። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚያነባቸው ፋይሎች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ ፕሮሰሰሩ አይ 5 ሆነ አይ 7 የሚጠብቀው ያንኑ ዲስክ ነው። ፈጣን ገንዘብ ተቀባይ ተቀጥሮ የመጋዘኑ ሠራተኛ ዕቃ እስኪያመጣ ቆሞ ሲያዛጋ እንደማለት ነው።

ስለዚህ ለአንድ አሮጌ ማሽን የተመደበ ጥቂት ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ወደ ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ወደማሳደግ መሄድ አለበት። ለዚህ ከፍጥነቱ ሌላ ንጹሕ የንግድ ምክንያትም አለ። ኤስኤስዲ ገንዘብነቱን አያጣም፤ ማሽኑ አልሸጥ ቢል ተፈትቶ ወደ ሌላ ማሽን ይገባል፣ ካልሆነም ለብቻው ይሸጣል። ራምም ዓይነቱ እስከተስማማ ድረስ እንደዚሁ ነው። የ2011 ሶኬት ቺፕ ግን የ2011 እና የ2012 ማሽን ከሌለ በስተቀር ማንም የማይፈልገው ቁራጭ ነው። አንዱ በማናቸውም ሰዓት ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብት ሲሆን፣ ሌላው ከገቡ በኋላ የማይወጡበት ነው። ካፒታሉ ትንሽ የሆነ ነጋዴ ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት ለዚህ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ችግር የትኛው ማሽን እንደሚፈቅድ የመለየቱ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ በአንድ ቁጥር መሳሳት ብር ያስከፍላል። ዴል ላቲቲዩድ ኢ 6440 በሶኬት የሚገጠም ፕሮሰሰር አለው፤ በዚያው ዘመን የወጣው ኢ 7440 ግን የተበየደ ነው። የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 440 ፒ ይከፈታል፣ ይቀየራል፤ መጨረሻው ላይ ፒ የሌለው ቲ 440 አይነካም። በጅምላ የሚገዛ ሰው እነዚህን አደባልቆ ቢያመጣ ግማሹ ለታሰበው ሥራ አይሆንም። የፕሮሰሰሩ ቁጥር ዩ በሚለው ፊደል ካለቀ ተበይዷል ማለት ነው። ከአምስተኛው ጀነሬሽን ወዲህ ደግሞ ኢንቴል ለላፕቶፕ በሶኬት የሚገጠም ቺፕ መሥራቱን ትቷል። በሞቃት አየር አንሥተን እንቀይራለን የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራውም ይቻላል፤ ነገር ግን ለርካሽ ላፕቶፕ ሲባል ማዘርቦርድን እሳት ላይ መጣድ ቁማር እንጂ ንግድ አይደለም።

ሶኬቱ ስለተገኘም ሁሉም አይገባም። የ2012ቱ ሦስተኛ ጀነሬሽን ከሁለተኛው ጋር አንድ ዓይነት ሶኬት ቢጋራም፣ የማሽኑ ባዮስ አዲሱን ቺፕ ካላወቀው ስክሪኑ እንደጨለመ ይቀራል። የአራተኛው ጀነሬሽን ሶኬት ጨርሶ ሌላ ነው። ባለአራት ኮሩ አይ 7 2670 ኪውኤም ቀዳዳው ውስጥ ይገባ ይሆናል፤ ግን 45 ዋት ነው። ለ35 ዋት ታስቦ የተሠራው መዳብና ፋን ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው ቺፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ገዢው የከፈለበት ትርፍ ፍጥነት በፋኑ ጩኸት ብቻ ይቀራል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት እንዲያመች ብቻ፣ አንድ ነጋዴ አሥር ማሽኖችን እያንዳንዳቸውን በ100 ገዛ እንበል። ሳይነካቸው በ115 ቢሸጣቸው 150 ያተርፋል። ለቺፕና ለእጅ በየማሽኑ 20 ጨምሮ በ140 ቢሸጣቸው ወጪው 1200፣ ገቢው 1400 ይሆንና ትርፉ 200 ይደርሳል። የደከመበት ብልጫ 50 ነው። ከአሥሩ አንዷ ብቻ ጠረጴዛ ላይ ብትሞትስ? የቺፑ አንድ እግር ቢታጠፍ፣ የስክሪኑ ገመድ ቢቆረጥ ይበቃል። ሬሳዋ ለመለዋወጫ በ30 ቢሸጥ ገቢው 1290፣ ትርፉ 90 ይሆናል፤ ይህም ምንም ሳይነካ ቢሸጥ ኖሮ ከሚያገኘው ያነሰ ነው። ይህ እንግዲህ ከሸጠ በኋላ «ሞቀብኝ፣ ጠፋብኝ» እያለ ማሽኑን የሚመልሰውን ደንበኛ ሳይጨምር ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ተረት ለእንዲህ ያለው ስሌት የተነገረ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ንግዱ ለምን ይቀጥላል ቢባል፣ መልሱ ያው ተለጣፊዋ ምልክት ናት። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ በጻፈው ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ውስጥ መጥፎው ዕቃ መልካሙን እያስወጣ እንደሚሄድ አሳይቷል። በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራውም በዚሁ መስክ ሥራው ነው። የላፕቶፑ ገበያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አይ 7 2640 ኤም የሚባለው የ2011 ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ብቻ አለው። በ2017 የወጣው አይ 5 8250 ዩ አራት ኮር ይዞ ከዚያኛው ግማሽ ያህል እንኳ ኃይል አይፈጅም። «አይ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን የመጀመሪያውን በውድ፣ ሁለተኛውን በርካሽ ሊገምት ይችላል። ሐቀኛው ነጋዴ ስምንተኛ ጀነሬሽን አይ 5 አምጥቶ፣ አሮጌ አይ 7 ከለጠፈው ጎረቤቱ ጋር በዋጋ ሊፎካከር ሲገደድ፣ በሚቀጥለው ጉዞው ምን ጭኖ እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም።

የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ነገሩን አክብዶታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ ገብቶ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ሲወደድ አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰበ ሰው ወደ አገለገለው፣ አገለገለውን ያሰበ ደግሞ በእጁ ያለውን ወደማደስ ማዘንበሉ የማይቀር ነው። ነጋዴው ፕሮሰሰር ለመቀየር የሚጓጓውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና በዚያው ሰሞን ሌላ ግድግዳ ቆሟል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛው ጀነሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። በሶኬት የሚገጠሙት የመጨረሻዎቹ የላፕቶፕ ቺፖች አራተኛ ጀነሬሽን ናቸው። እንግዲህ በአሮጌ ማሽን ላይ የቱንም ያህል ውድ ቺፕ ቢተከል ይህን መስመር አያሻግርም። ሊኑክስ መጫን ይቻላል፤ በፒችትሪ ለሚሠራ ቢሮ ግን መፍትሔ ነው ለማለት ያስቸግራል። የደንበኞቹን ሒሳብና የባንክ መረጃ በማሽኑ ውስጥ የሚያስቀምጥ ቢሮ የደኅንነት እድሳት በማያገኝ ላፕቶፕ ላይ ተጨማሪ ብር ማውጣቱ፣ ኪራዩ ሊያልቅ በቀረበ ሱቅ ላይ አዲስ በር እንደማስገጠም ነው።

ፕሮሰሰር መቀየር የሚያዋጣው ሰው ግን አለ። እሱም ስክሪኑ የተሰበረ ወይም ማዘርቦርዱ የተቃጠለ አይ 5 ማሽን በመለዋወጫ ዋጋ የገባለት ጥገና ቤት ነው። ቺፑ ለእሱ ምንም ያህል አልፈጀበትም፤ እጁም የራሱ ነው፤ ቢበላሽ የሚከስረው የራሱን ሰዓት ነው። ከሞተው ማሽን ራሙን፣ ባትሪውን፣ ኪቦርዱን እያወጣ ሲሸጥ ፕሮሰሰሩን ተመሳሳይ ሞዴል በሆነው ሴሌሮን ላይ ቢተክለው ወጪ ቆጣቢ ሥራ ነው። የሚያስወቅሰው፣ ይህን ለገዢው ሳይነግር ሲቀር ነው። ደረሰኙ ላይ «አይ 5» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ሙሉ ቁጥሩን፣ ጀነሬሽኑንና ፕሮሰሰሩ የተቀየረ መሆኑን ቢጽፍ ዋጋው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ተመላሽ ዕቃውም እንዲሁ።

ለደላላው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀላል። ማሽኑ ሲነሣ ባዮስ ውስጥ ቢገባ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስምና ቁጥር ከቺፑ ራሱ ተነብቦ ይታያል፤ ዊንዶውስ መኖሩም አያስፈልግም፣ ከሁለት ደቂቃ በላይም አይፈጅም። በስልክ «አይ ስንት ነው?» ከማለት ፈንታ የዚያን ገጽ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ላኩልኝ ያለ ደላላ፣ ከመገናኛ እስከ ቦሌ በከንቱ ከመመላለስ ይድናል።