የፍርሃት ፍርድ

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ አባቶቻችን። እዚህ በእምድብር ገበያ የተወራ ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀፎረውን ይዞ መንደር ለመንደር ይዳረሳል። መላ ያልተጨመረበት ወሬ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ግን፥ ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ በዚህ ሳምንት እስከ አሜሪካ ድረስ አብረን እንሂድ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ በቨርጂኒያ ግዛት፥ ናት ተርነር የተባለ ባርያ ጓደኞቹን አስከትሎ በጌቶቹ ላይ ተነሣ። ማንበብ የሚያውቅ፥ ለወገኖቹም የሚሰብክ ሰው ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ 55 ያህል ነጮች ተገደሉ፤ የሚበዙትም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አመፁ ወዲያው ተሰበረ፤ ተርነርም ሁለት ወር ያህል ተደብቆ ከቆየ በኋላ ተይዞ በኅዳር ተሰቀለ።

አመፁ ቢያልቅም ፍርሃቱ ገና መጀመሩ ነበር። በጎረቤቱ ግዛት በሰሜን ካሮላይና «ባሮች የዊልሚንግተንን ከተማ አቃጠሉ፤ ወደ ዋናው ከተማም እየገሠገሡ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። ሕዝቡ ተሸበረ፤ ወንዶችም መሣሪያ አነሡ። ዊልሚንግተን ግን አልተቃጠለችም፤ የሚገሠግሥ ጦርም አልነበረም። ሆኖም በዚህ ሐሰት የተነሣ ጥቁሮች ተገረፉ፤ ተሰቀሉም። በዚያው ግዛት ባርያ የነበረችው ሃሪየት ጄኮብስ በ1861 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምትነግረን፥ የታጠቁ ሰዎች የጥቁሮችን ቤት ይበረብሩ ነበር፤ በአያትዋ ቤት የተጻፈ ወረቀት በተገኘ ጊዜም «ማን ጻፈልሽ?» ተብላ ተመረመረች።

ቆይቶም ፍርሃቱ ሕግ ሆነ። አላባማ በ1832 ለጥቁር ሰው ማንበብና መጻፍ ያስተማረ ሁሉ ከ250 እስከ 500 ዶላር እንዲቀጣ ደነገገች። በዚያው ዓመት የቨርጂኒያ ምክር ቤት ባርነትን ስለ ማስቀረት ተከራክሮ፥ በ73 ድምፅ ለ58 ሳይቀበለው ቀረ። የአመፁ ምክንያት ባርነት ነበረ፤ እነርሱ ግን ፊደልን ከሰሱ።

በዚያ ሁሉ ሽብር መካከል በቨርጂኒያ የጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ኤፕስ ያለ ፍርድ መግደል እንዲቆም በጽሑፍ አዘዘ፤ ትእዛዙን የሚተላለፍም በጦር ሕግ እንደሚቀጣ አስጠነቀቀ። ባሮችን ነፃ አላወጣም፤ ነገር ግን የሹም ብዕር ከሕዝብ ቍጣ ጋር አብሮ መሮጥ ግዴታው እንዳልሆነ አሳየ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከጉራጌ ምድርም ሰው እየተያዘ በገበያ የተሸጠበት ዘመን ነበረ፤ በአገራችን ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎችም በየጆካ ሸንጎ ከሳሽንና ተከሳሽን ሳይሰሙ አይፈርዱም።

እንግዲህ እናንተ ተማሪዎች፥ እናንተም በመሥሪያ ቤት ብዕር የያዛችሁ ወጣቶች፥ «እነዚያ ሰዎች ሊነሡብን ነው» የሚል ወሬ በጆሮአችሁ ወይም በስልካችሁ ሲደርስ፥ ወደ ሌላ ከማሳለፋችሁ በፊት «ማን አየ?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነት ሆኖ ከተገኘም ሁለተኛውን ጥያቄ አትርሱ፤ «ምን በደል ደርሶባቸው ነው?» በሉ። የቨርጂኒያ ሰዎች የመጀመሪያውን ዘግይተው ጠየቁ፤ ለሁለተኛው ግን መልሱን እያወቁ ፊታቸውን አዞሩ።